የአናጺው ልጅ ጂን ሳራዜን

የሕይወት ታሪክ የአንድን ሰው ልደት፣ አስተዳደግ፣ ሥራና ፍጻሜ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያቀርብ የድርሰት ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ጸሐፊ ሰውየው የሠራውን ሁሉ አይዘረዝርም፤ ከሕይወቱ ውስጥ አንድ ዐቢይ ጉዳይ ይመርጥና ሌላውን ሁሉ በዚያ ዙሪያ ያዋቅራል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ጸሐፊው የመረጠው ዐቢይ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ አስተውሉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ምንባብ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቆላው ምድር፣ ጀልዴሳ የምትባል የጥንት የነጋድያን ማረፊያ ትገኛለች። ከዘይላ ወደብ ተነሥተው ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች በረሓውን ካቋረጡ በኋላ የሚያርፉትና ቀረጥ የሚከፍሉት በዚህች ስፍራ ነበር። እስከ ጀልዴሳ ድረስ ጭነቱን የሚያመጡት ግመሎች ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ይዘው የሚወጡት ግን በቅሎዎችና አህዮች ነበሩ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ በአሸዋ ላይ ተንጣሎ ያልፋል እንጂ አይሰምጥም። የበቅሎና የአህያ ኮቴ ግን ጠባብና ጠንካራ ስለሆነ ድንጋያማውን ዳገት ቆንጥጦ ለመውጣት ሲመች፣ በአሸዋ ላይ እየሰጠመ እንስሳውን ያደክማል። ነጋድያኑ ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገዱ ነው።

በ1902 መጨረሻ የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የጀልዴሳ ገበያ ተቀዛቀዘ፤ የሲራራው መንገድም እየተረሳ ሄደ። በዚያው በ1902፣ ከጀልዴሳ እጅግ ርቆ በሚገኝ አገር አንድ ሕፃን ተወለደ። ይህ ሕፃን አድጎ የግመል ነጂዎች የሚያውቁትን የአሸዋ ጠባይ በሌላ መንገድ ይደርስበታል፤ በዚህም ስሙ በዓለም ስፖርት ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል።

ሕፃኑ የተወለደው በየካቲት ወር በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃሪሰን በምትባል ከተማ ነበር። ወላጆቹ ኑሮን ፍለጋ ከኢጣሊያ የፈለሱ ድኾች ነበሩ። ያወጡለት ስም ኤውጄኒዮ ሳራቼኒ ይባላል። አባቱ አናጺ ስለ ነበር ልጁም መዶሻና መጋዝ ይዞ የእርሱን ሙያ እንዲወርስ ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በአቅራቢያው በሚገኙ የጎልፍ ሜዳዎች እየዋለ፣ የባለጸጎችን የጎልፍ ዱላ በመሸከም ሳንቲም ያገኝ ጀመር። የተሸከመውንም ዱላ በልቡ ተመኘው።

ጎልፍ በአገራችን እምብዛም ያልተስፋፋ ጨዋታ ስለሆነ ስለ አጨዋወቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ አንዲትን ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በሰፊ መስክ ላይ ተራርቀው ወደሚገኙ ዐሥራ ስምንት ቀዳዳዎች በየተራ ያስገባታል። የሚያሸንፈውም በጥቂት ምት የጨረሰው ነው። በየቀዳዳው አካባቢ ግን ሆን ተብለው የተቆፈሩና አሸዋ የተሞሉ ጉድጓዶች አሉ። ኳሷ ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ከወደቀች ተጫዋቹ እጁን ሳያስገባ በዱላው ብቻ ሊያወጣት ይገደዳል። ከመምታቱም አስቀድሞ አሸዋውን በዱላው መዳሰስ ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ የአሸዋ ጉድጓድ የቀን ሙሉ ድካምን በደቂቃ ውስጥ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

ወጣቱ ኤውጄኒዮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ ሙያ ተሰማራ። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ በብርቱ የሳንባ ምች ታመመና ለሞት ተቃረበ። ከሕመሙ ሲያገግም ሐኪሙ አቧራ ባለበት ቤት ውስጥ ከመሥራት ተቆጥቦ ንጹሕ አየር በሚያገኝበት ሥራ እንዲሰማራ መከረው። ለአባቱ ሐዘን የነበረው ይህ ምክር ለልጁ የነጻነት በር ሆነለት። በኮኔቲከት ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ በጎልፍ ሜዳ ሥራ ተቀጠረ፤ ያለ አስተማሪም ሌሎችን እየተመለከተ ጨዋታውን ተማረ። በዚያን ዘመን ስሙን በጋዜጣ ታትሞ ሲያየው ከጎልፍ ተጫዋች ይልቅ የቫዮሊን ተጫዋች ስም ስለ መሰለው፣ ጂን ሳራዜን ብሎ ለወጠው።

ሳራዜን ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ አጭር ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በ1922፣ በሃያ ዓመት ዕድሜው፣ በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው በስኮኪ ሜዳ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ታዋቂውን ቦቢ ጆንስን በአንድ ምት በልጦ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የሙያተኞችን ሻምፒዮና አገኘ፤ በ1923ም በዚሁ ውድድር ዋልተር ሄገንን ከብርቱ ትግል በኋላ ረታው። ትናንት ዱላ ተሸካሚ የነበረው የስደተኛ ልጅ በአንድ ጊዜ ዝነኛና ባለገንዘብ ሆነ።

ዝና ግን ፈጥኖ እንደ መጣ ፈጥኖ ሊሸሽ ይችላል። በዚሁ በ1923 ወደ እስኮትላንድ ተጉዞ ትሩን በሚባለው ሜዳ የብሪታንያ ኦፕን ሲሞክር ማጣሪያውን እንኳ ማለፍ ተሳነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ውድድሮችን ቢያሸንፍም፣ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱንም ሊያገኝ አልቻለም። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ አሸዋ ነበር። ሳራዜን በሣር ላይ ከማንም የማያንስ ሲሆን፣ ኳሱ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ግን ልቡ ይርድ ነበር። ጉድጓዱን በመፍራትም ኳሱን ወደ ቀዳዳው አቅጣጫ በድፍረት መላክ ይሳነው ጀመር።

በ1928 በብሪታንያ ኦፕን የደረሰበት ሽንፈት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠው። በዚያ ውድድር ዱላውን የሚሸከምለት ዳንኤልስ የሚባል በዕድሜ የገፋ እንግሊዛዊ ነበር። በአንድ ቀዳዳ ላይ ኳሷ በረዥም ሣር ውስጥ ስትወድቅ፣ ሽማግሌው ኳሷን ቀስ አድርጎ ከሣሩ እንዲያወጣት መከረው። ሳራዜን ግን ምክሩን ንቆ ረዥሙን የእንጨት ዱላ መዘዘ፤ ኳሷም ከሣሩ ሳትወጣ ቀረች። በዚህ ስሕተት ሁለት ምት ከሰረ፤ ውድድሩንም በሁለት ምት ተሸነፈ። ያን ዕለት ሳራዜን ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌውም ከመሞቱ በፊት ይህንን ውድድር አብሮት እንደሚያሸንፍ ቃል ገባለት።

በ1931 ማብቂያና በ1932 መጀመሪያ ላይ ክረምቱን በፍሎሪዳ ሲያሳልፍ፣ ሳራዜን ስለ አሸዋው አጥብቆ ያስብ ነበር። ብዙዎች ተጫዋቾች በአሸዋ ሲሸነፉ ዕድላቸውን ያማርራሉ፤ እርሱ ግን የያዘውን መሣሪያ መመርመር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ለአሸዋ የሚያገለግለው የብረት ዱላ ጫፉ ስስና ስለታም ነበር። ተጫዋቹ ከኳሷ ኋላ አሸዋውን ሲመታው፣ ዱላው እንደ በቅሎ ኮቴ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ኳሷም ካለችበት አትንቀሳቀስም። ይህን ፈርቶ ኳሷን ብቻ ቢመታት ደግሞ ከመጠን በላይ ተወርውራ ከሜዳው ማዶ ትወድቃለች። ጥቂት ቀደም ብሎ ፊቱ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ዱላ ተሠርቶ ነበር። ነገር ግን ኳሷን በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ሊነካት ስለሚችል በ1931 ተከለከለ።

መልሱን ያገኘው ባላሰበው ስፍራ ነው። በዚያን ወቅት በፊልም ሥራውና በአውሮፕላን አብራሪነቱ ከታወቀው ባለጸጋ ከሃዋርድ ሂዩዝ ዘንድ የበረራ ትምህርት ይከታተል ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ ጅራቱ ዝቅ እንደሚል፣ በዚህም ምክንያት አፍንጫው ቀና ብሎ ወደ ላይ እንደሚወጣ አስተዋለ። በዚህ ጊዜ አንድ አሳብ በአእምሮው ብልጭ አለ። የዱላው ራስ ኋላው ከፊቱ ዝቅ ቢል፣ አሸዋውን ሲነካ ወደ ታች ከመስጠም ይልቅ ተንሸራትቶ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

ሳራዜን ወዲያውኑ ወደ ሥራ ገባ። እርሳስ እያቀለጠ በአሮጌው የአሸዋ ዱላ የኋላ ጠርዝ ላይ ይበይድ ጀመር። ወፍራም መስሎ ሲታየው በሞረድ ይቀንሳል፤ ሲያንስበት እንደገና ይጨምራል። ዱላውን ወደ ሜዳ ይዞ ይወጣና ከአሸዋ ውስጥ ለሰዓታት ይለማመዳል፤ ጉድለት ሲያገኝበትም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ የዱላው ራስ ከሥሩ ሰፊና ወፍራም፣ ኋላው ከፊቱ ዝቅ ያለ ሆነ። አናጺነትን ሸሽቶ የወጣው ልጅ ለታላቅ ድሉ መሣሪያ ያዘጋጀው፣ ከአባቱ ቤት በተማረው የእጅ ሥራ ትዕግሥት ነበር ለማለት ይቻላል።

አዲሱ ዱላ የአመታቱንም ዘዴ ለወጠው። ተጫዋቹ እግሮቹን በአሸዋው ውስጥ ጥቂት ቀብሮ ይቆማል። ከዚያም ዓይኑን የሚያሳርፈው በኳሷ ላይ ሳይሆን፣ ከኳሷ ኋላ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው አሸዋ ላይ ነው። ዱላውን ሳይፈራና መካከል ላይ ሳያቆም እስከ መጨረሻው ይወነጭፈዋል። ሰፊው የዱላ ሥር እንደ ግመል እግር አሸዋውን ሳይሰጥምበት ከኳሷ በታች ያልፋል። በዚህ ጊዜ ዱላው ኳሷን ጨርሶ አይነካትም፤ ኳሷን አንሥቶ የሚያወጣት የሚገፋው አሸዋ ራሱ ነው። እንዲህ በመሆኑ ጠላት የነበረው አሸዋ ኳሷን የሚሸከም ረዳት ሆነ።

በ1932 በእንግሊዝ አገር፣ ሳንድዊች አጠገብ በሚገኘው በፕሪንስስ ሜዳ የብሪታንያ ኦፕን ተደረገ። ሳራዜን አዲሱን ዱላ ይዞ ቢሄድም ዳኞቹ አይተው እንዳይከለክሉት በመስጋት፣ ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ ከሰው ዓይን ሰውሮ አቆየው። በእርግጥ ዱላውን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን አልዘነጋም። ሽማግሌው ዳንኤልስም ቃሉን ሊፈጽም ቀረበ። ዓይኑ ደክሞና ጤናው ተጓድሎ ስለ ነበር ሳራዜን መጀመሪያ ሌላ ወጣት ተሸካሚ ያዘ፤ ልምምዱ ግን አልቀናውም። በመጨረሻም ሽማግሌውን አስጠራውና አብረው ወጡ። ሳራዜን በዚህ ጊዜ ምክሩን አልናቀም። በአዲሱ ዱላው የአሸዋ ጉድጓዶቹን ያለ ፍርሃት እያለፈ፣ በ283 ምት አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ በአምስት ምት ብልጫ አሸነፈ። ዳንኤልስ ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ አረፈ።

ሳራዜን ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ፣ በፍሬሽ ሜዶው በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ቀረበ። መጀመሪያ ላይ በጥንቃቄ ብዛት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱን አስወግዶ የመጨረሻዎቹን ሃያ ስምንት ቀዳዳዎች በመቶ ምት ፈጽሞ አሸነፈ። ሁለቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ቦቢ ጆንስ ብቻ ነበር። በ1933 ዊልሰን የተባለው የስፖርት ዕቃ አምራች ዱላውን እያባዛ ለገበያ አቀረበው። ሳራዜን በጓሮ የበየደው መሣሪያ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከማናቸውም ተጫዋች ከረጢት የማይታጣ ሆነ።

በ1935 በኦገስታ በተደረገው የማስተርስ ውድድር በዐሥራ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱን ከሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቀት መትቶ በሁለተኛው ምት አስገባት። በዚህም ከተፎካካሪው ጋር እኩል ሆነ፤ በማግሥቱም በመለያው ጨዋታ አሸነፈ። ስለዚህ አራቱን ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች ሁሉ ለማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን በቃ። ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ግዛት በገዛው እርሻ ላይ ከባለቤቱ ከሜሪና ከልጆቻቸው ጋር እየኖረ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በቴሌቪዥን ጨዋታውን ለሕዝብ ያስተዋውቅ ነበር።

በ1973 የሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ በሃያ አንድ ዓመቱ ማጣሪያውን ማለፍ ወደ ተሳነው ወደ ትሩን ሜዳ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ሽንፈት ልክ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ስምንተኛው ቀዳዳ ርቀቱ ከመቶ ዐሥራ አምስት ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም፣ በጥልቅ የአሸዋ ጉድጓዶች የተከበበ ስለሆነ ተጫዋቾች ሁሉ ይፈሩታል። ሳራዜን በመጀመሪያው ቀን ኳሷን ከመነሻው በአንድ ምት ቀዳዳው ውስጥ አስገባት። በማግሥቱ ግን ኳሷ ከአሸዋው ጉድጓድ ወደቀች። ያ ጉድጓድ ወጣቱን ሳራዜን ባስፈራው ነበር፤ ሽማግሌው ግን የአሸዋ ዱላውን አንሥቶ አሸዋውን መታ። ኳሷም ከጉድጓዱ ወጥታ ወደ ቀዳዳው ገባች። ሳራዜን አስፈሪውን ቀዳዳ በሁለት ቀን በሦስት ምት ብቻ ፈጸመው።

ጂን ሳራዜን ግንቦት 13 ቀን 1999 በፍሎሪዳ፣ በዘጠና ሰባት ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ለሞት ያበቃው በወጣትነቱ አናጺነትን ያስተወው ያው የሳንባ ምች ነበር። ያገኛቸው ዋንጫዎች ብዙ ቢሆኑም ለሌሎች የተረፈው ሥራው ግን ያ ሰፊ ሥር ያለው ዱላ ነው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ተጫዋች ከአሸዋ ጉድጓድ ኳሱን በቀላሉ ሲያወጣ፣ የአናጺው ልጅ በሞረድና በቀለጠ እርሳስ የደከመበትን ውጤት እየተጠቀመ ነው። ሳራዜን አሸዋውን ሊያጠፋው አልሞከረም፤ የአሸዋውን ጠባይ አጥንቶ መሣሪያውን አስማማ እንጂ። የጀልዴሳ ግመል ነጂዎችም በረሓውን ያቋረጡት በዚሁ ጥበብ ነበር።

መልመጃ አንድ፦ የግንዛቤ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በራሳችሁ አነጋገር በጽሑፍ መልሱ።

1. ነጋድያኑ በጀልዴሳ የጭነት እንስሳትን የሚለዋውጡት ስለምን ነበር?
2. የሐኪሙ ምክር ለአባትየው ሐዘን፣ ለልጁ ግን የነጻነት በር የሆነው እንዴት ነው?
3. የድሮው የአሸዋ ዱላ ጉድለት ምን ነበር? ሳራዜን ጉድለቱን ያስወገደው በምን ዘዴ ነው?
4. ሳራዜን ከ1928ቱ ሽንፈት የተማረው በ1932 በምን ተግባር ታየ?
5. ሳራዜን ዱላውን ከዳኞች ዓይን መሰወሩ ተገቢ ነበር ትላላችሁን? የምትደግፉትንም የምትቃወሙትንም በምክንያት አስረዱ።

መልመጃ ሁለት፦ ቃላት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ከጻፋችሁ በኋላ፣ እያንዳንዱን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ሲራራ፣ ቀረጥ፣ ተቀዛቀዘ፣ ሞረድ፣ ክብረ ወሰን፣ ተንጣሎ

መልመጃ ሦስት፦ ሰዋስው

ሀ. ከሚከተሉት ግሦች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስሞችን መሥርቱ። ምሳሌ፦ ሠራ፤ ሥራ፣ ሠራተኛ።

መታ፣ ለመደ፣ ተሸነፈ፣ ተሸከመ፣ መከረ

ለ. ይሁን እንጂ፣ ስለዚህ፣ ዳሩ ግን፣ በዚህም ምክንያት የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ፣ የትኞቹ ተቃራኒ አሳብን፣ የትኞቹ ውጤትን እንደሚያያይዙ ለዩ።

መልመጃ አራት፦ ድርሰት

በአካባቢያችሁ የእርሻ፣ የሽመና፣ የቤት ወይም የሌላ ሥራ መሣሪያን ያሻሻለ፣ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው እንዳለ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያገኛችሁትን በጊዜ ቅደም ተከተል አዘጋጅታችሁ፣ ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል ሳትጠቅሱ፣ ከአራት አንቀጽ ያላነሰ የሕይወት ታሪክ ጻፉ። መሣሪያው ቀድሞ ምን ችግር እንደ ነበረበት፣ ሰውየውም እንዴት እንዳሻሻለው መግለጽ አትርሱ።